«አንብብ» ሲባል ዴስክ የሚገለብጥ ተማሪ፦ ከዱላና ከማባረር በፊት ምን ይደረግ?

ጥያቄው፦ «ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ክፍሉ 64 ተማሪ አለው። ከመሀላቸው አንድ የ15 ዓመት ልጅ አለ፤ በቁመትም በጉልበትም ከሁሉም ይበልጣል። መስከረም ላይ ‘ተነሥተህ አንብብ’ ስለው ደብተሩን ወርውሮ ‘አላነብም’ አለኝ። ኅዳር ላይ ‘ሳቀብኝ’ ብሎ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ በቡጢ አፍንጫውን አደማው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ እንዲጽፍ ስጠራው ዴስኩን ገፍቶ ጣለና ‘ና ምታኛ!’ ብሎ ተገተረ። ሁልጊዜም ከክፍል አስወጣዋለሁ፤ አንበርክኬዋለሁ፤ ወላጅ አስጠርቻለሁ። እናቱ መጥታ እዚያው ግቢ ውስጥ በዱላ ገረፈችው፤ በሳምንቱ ባሰበት። ባልደረቦቼ ‘ንቆህ ነው፤ አንድ ቀን በደንብ ካልገረፍኸው አይመለስም’ ይሉኛል። ርእሰ መምህሩ ‘ይባረር’ እያሉ ነው። ምን ላድርግ?»

«ንቆህ ነው» የሚለውን አይቀበሉ። ንቀት ቢሆን ኖሮ ልጁ በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ነገር ያስቸግርዎት ነበር። የጻፏቸውን ሦስት አጋጣሚዎች መልሰው ይመልከቷቸው። አንዱ «አንብብ» ሲባል የተፈጠረ ነው። አንዱ «ሰሌዳ ላይ ጻፍ» ሲባል ነው። ሦስተኛው ሲሳቅበት ነው፤ በምን እንደተሳቀበት አልጻፉም፣ ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን አምስት ደቂቃዎች ያስታውሱ። አንድ ቃል አሳስቶ አንብቦ እንደሆነ አልጠራጠርም ለማለት ምንም አይቀረኝም። ሁለቱ በግልጽ፣ ሦስተኛው ምናልባት፣ 63 ልጆች እያዩት የማይችለውን ነገር እንዲያደርግ ከመጠየቁ ጋር የተያያዙ ናቸው። አጨራረሳቸውም አንድ ነው፦ ልጁ ከክፍል ይወጣል፣ ንባቡም ጽሕፈቱም ይቀርለታል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጅ አንድን ጠባይ የሚደጋግመው ስለሚሠራለት ነው። አንዱ ከከበደው ሥራ ለማምለጥ ይደባደባል፤ ሌላው እንዲታይና እንዲፈራ፤ ሌላው እስክሪብቶ፣ ሳንቲም ወይም ቦታ ለመንጠቅ። ለእርስዎ ልጅ ዴስክ መግፋት ከውርደት ያስመልጠዋል። እርስዎ «ውጣ!» ሲሉት እየቀጡት ይመስልዎታል፤ እሱ ግን የፈለገውን አግኝቷል። ያውም እንደ ሰነፍ ሳይሆን እንደ ጀግና ሆኖ ነው የወጣው። በእኛ አገር ለ15 ዓመት ወንድ ልጅ በእኩዮቹ ፊት «ማንበብ አይችልም» ከመባል «አይነካም» መባል በብዙ እጥፍ ይሻለዋል። ስለዚህ ቅጣቱን ማክበድ ሳይሆን ስሌቱን መቀየር ነው የሚያስፈልገው፦ ድብድቡ ከሥራው እንዳያስመልጠው፣ ሥራው ደግሞ እንዳያዋርደው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ይለዩ። የልጆች ጠበኝነት ሁለት ዓይነት ነው፣ መድኃኒታቸውም አይገናኝም። የመጀመሪያው ትኩስ ነው፦ ፊት ይለዋወጣል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ካለፈ በኋላ ልጁ አንገቱን ይደፋል ወይም ይደክመዋል። ሁለተኛው ቀዝቃዛ ነው፦ ልጁ ሰውና ቦታ ይመርጣል፤ ከሽንት ቤት ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ መምህር በማይደርስበት ሰዓት ትንንሾቹን እየጠበቀ ሳንቲምና ምሳ ይቀበላል፤ ሲያዝም ፊቱ አይለወጥም። ለቀዝቃዛው ምክርና ርኅራኄ ብቻውን አይበቃም፤ ቦታው ላይ ተረኛ መምህር ማቆም፣ የነጠቀውን በእጥፍ ሳይሆን በልኩ ማስመለስ፣ ተበዳዮቹን ለየብቻ ማነጋገር ይጠይቃል። የእርስዎ ልጅ ከጻፉት ሲታይ ትኩስ ነው። ትኩሱን እንደ ቀዝቃዛው ካስተናገዱት በእጅዎ ታባብሱታላችሁ፤ እርስዎም፣ ትምህርት ቤቱም።

ስለ ዱላና ማንበርከክ አጠር አድርጌ ልናገር። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ልጁ ደግሞ 18 ዓመት ስላልሞላው በሕግ ሕፃን ነው። «ወላጁ ፈቅዷል» ማለት መምህሩን አያድነውም። ሕጉን ትተን ወደ ሥራው ብንመጣም አይሠራም። የተገረፈ ልጅ የዚያን ቀን ጸጥ ይላል፤ ይህ ጸጥታ የሚያስተምረው ልጁን ሳይሆን መምህሩን ነው። «ሠራ» ብሎ መምህሩ በሚቀጥለው ጊዜ ዱላውን ቀድሞ ያነሣል፣ ልጁ ደግሞ ይለምደዋል። ቤቱ የሚገረፍ ልጅ የትምህርት ቤት ልምጭ አያስፈራውም። «ና ምታኛ» ያለዎት እኮ ለዚህ ነው፤ መመታቱን ከማንበብ መርጦታል። ቢመቱት ኖሮ ጨዋታው በእሱ ሜዳ ይሆን ነበር። አለመምታትዎ ትክክል ነበር፤ ለባልደረቦችዎም እንዲሁ ይንገሯቸው።

አሁን ሥራውን እንጀምር። ለ10 የትምህርት ቀናት ይመዝግቡ። አንድ ደብተር ይበቃል፤ በየገጹ አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀንና ክፍለ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት የነበረው፣ ልጁ ያደረገው፣ ወዲያው የተከተለው፣ የቆየበት ደቂቃ። «ረበሸ» ብለው አይጻፉ፤ ያዩትን ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ፣ 5ኛ ክፍለ ጊዜ። ‘ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ አንብቡ’ አልኩ። መጽሐፉን ዘጋ፣ የጎረቤቱን ደብተር በክርኑ ገፋ። ጎረቤቱ ‘ቲቸር!’ አለ፤ እኔ ስሙን ጠርቼ ጮኽኩ፤ ክፍሉ ዞሮ አየው። ዴስኩን በእርግጫ መታ። 3 ደቂቃ።» ሌሎቹ የክፍሉ መምህራንም አንድ አንድ ገጽ እንዲሞሉ ይለምኗቸው፤ በስፖርት ወይም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ልጁ ደኅና ከሆነ ይህ ራሱ ትልቅ መልስ ነው። ጠብ ያልነበረባቸውን ክፍለ ጊዜያትም ይመዝግቡ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል፣ ልጁ ደኅና የሚሆንበትን ሁኔታ የሚያሳየው ግን እሱ ነው።

ከ10 ቀን በኋላ ገጾቹን አንድ ላይ ሲያዩ መልክ ይወጣል። ጠቡ ሁልጊዜ ንባብ ላይ ነው? ከዕረፍት በኋላ ነው? ከዕረፍት በኋላ ከሆነ ጠቡ የተጀመረው ሜዳ ላይ ነው፣ ክፍል ውስጥ የገባው ጭራው ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ነው? ቅዳሜና እሑድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ይጠይቁ። በመጨረሻዎቹ ክፍለ ጊዜያት ብቻ ነው? ምግብ ሳይበላ የሚውል ልጅ መሆኑን ያጣሩ። በጎንደር ትምህርት ቤቶች ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከላይ አርማጭሆ መጥተው ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ጥቂት አይደሉም፤ ከቤት ያመጡት ስንቅ ሲያልቅ ሐሙስና ዓርብ ባዶ ሆድ ናቸው። ከፈረቃ በፊት ሊስትሮ የሚሠራ፣ ሸክም የሚሸከም፣ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ መተማና ሑመራ ወርዶ ዘግይቶ የሚመለስ ልጅም አለ። ይህ ድብድቡን ትክክል አያደርገውም፤ የት ላይ መያዝ እንዳለበት ግን ያሳያል።

በዚሁ 10 ቀን ውስጥ ሦስት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ ንባቡን። ለብቻው፣ ማንም በሌለበት፣ የ2ኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ሰጥተው አንድ አንቀጽ ያስነብቡት። አማርኛውን አቀላጥፎ አንብቦ እንግሊዝኛው ላይ ከተደናቀፈ ችግሩ የእንግሊዝኛ ፊደልና ድምፅ ነው፤ በጥቂት ወራት ሊስተካከል ይችላል። አማርኛውንም ፊደል በፊደል እየቆጠረ ካነበበ ግን ጉዳዩ ከእርስዎ ትምህርት በላይ ነው፤ ከመሠረቱ ካልተጀመረ በቀር በ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ምንም ሊደረግለት አይችልም። በ7 ዓመቱ ትምህርት የጀመረ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲደርስ 13 ዓመቱ ነው። ይህ 15 ነው። ሁለቱ ዓመታት የት እንደሄዱ ይጠይቁ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት የስንቱን ልጅ ትምህርት አቋርጧል። ፊደል በሚጠናበት ዕድሜ ቤቱ የዋለ ልጅ በዕድሜው ወደ ላይ ተገፍቶ ይሆናል።

ሁለተኛ ጆሮውን። ከጀርባው እጅዎ በሚደርስበት ርቀት ቆመው፣ አንዱን ጆሮ በጣቱ እንዲደፍን አድርገው፣ ሦስት ቁጥር በሹክሹክታ ይንገሩትና ይድገም፤ ከዚያ ሌላ ሦስት። በአንድ ጆሮ ከስድስቱ ሦስቱን እንኳ ካልመለሰ፣ ወይም ጆሮው ፈሳሽ ካለው፣ ጤና ጣቢያ ይላኩት። በከፊል የማይሰማ ልጅ ትእዛዙን ስለማይሰማ «እምቢተኛ»፣ ሳቁን ግን ስለሚያይ «ጠበኛ» ይባላል። ሦስተኛ ዓይኑን፦ ከኋላ ወንበር ሰሌዳ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይገለብጥ። ከእነዚህ ሌላ ድንገት ዓይኑ ፈጦ የሚቀር፣ ሲጠሩት የማይመልስ፣ በዚያ ሰዓት ሲይዙት ሳያውቀው የሚመታ ልጅ ካጋጠመዎት የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ የጠባይ ሳይሆን የሐኪም ነው።

ክፍሉን ራሱን ደግሞ ያስተካክሉ። በ64 ተማሪ ዴስክ ከዴስክ ተጣብቆ ኋላ ድረስ መሄጃ አይኖርም፤ መምህሩ ከፊት ሆኖ መጮኽ እንጂ መቅረብ አይችልም። ቢያንስ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቀና ብሎ የሚያልፍበት መተላለፊያ በመሀል ይክፈቱ፤ ለዚህ ሲባል አንድ ረድፍ ቢጣበብም ያዋጣል። ልጁን የመጀመሪያው ዴስክ ላይ አያስቀምጡት፤ 63 ሰው ከጀርባው ይሆንና ሁልጊዜ እየዞረ ይጠብቃል። የመጨረሻው ላይም አያድርጉት። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዴስክ፣ በመተላለፊያው ጠርዝ፣ ከበሩ ወገን ይሁን። አጠገቡ ረጋ ያለ፣ የማይስቅ፣ ግን የማይፈራው ልጅ ይቀመጥ። አፍንጫውን ያደማው ልጅ በዓይን በማይተያዩበት ቦታ ይሁን።

የክፍል አለቃ የረባሾችን ስም እንዲጽፍ ማድረግ ልማድ ከሆነ ዛሬውኑ ይተዉት። መምህር ሳይኖር የ13 ዓመት ልጅ የ15 ዓመት ልጅ ስም በወረቀት ይጽፋል፤ ስሙ ተጽፎ የተቀጣው ልጅ ደግሞ ጸሐፊውን በር ላይ ይጠብቀዋል። አለቃው የጓደኞቹን ስም ይዘላል፣ የጠላውን ይጽፋል፣ ልጆቹም ያውቁታል። እኔ ባየሁት ልክ ከዚህች ወረቀት የበለጠ ከትምህርት በኋላ ጠብ የሚያመርት ነገር የለም። አለቃው ጠመኔ ያምጣ፣ ሰሌዳ ያጥፋ፣ መምህር ሲዘገይ ለዩኒት ሊደር (የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት ለሚከታተለው መምህር) ያሳውቅ። ይበቃዋል።

ከዚያ ልጁን ለብቻው ያነጋግሩት፤ ጠብ በሌለበት ቀን፣ ከክፍል ውጭ፣ ግን ሰው ከሩቅ በሚያያችሁ ቦታ፣ ከአምስት ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ። ምክር አይስጡ፤ ምክር ጠግቧል። ውል ይግቡ። እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ሳልነግርህ ተነሥተህ አንብብ አልልህም፣ ሰሌዳ ላይም አልጠራህም። የምታነበውን ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰኞ እሰጥሃለሁ፤ ከእኔ ጋር ትለማመዳለህ፤ ሐሙስ ለቡድንህ ብቻ ታነባለህ። ንዴት ሲመጣብህ መጽሐፍህን ገልብጠህ ዴስኩ ጫፍ ላይ አድርግ፤ እኔ አያለሁ፣ አልጠይቅህም፣ አምስት ደቂቃ እተውሃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው አይቀርም፤ ሦስት ቃል ብቻ ቢሆን ትጽፋለህ። ሰው መምታት ግን በምንም አይነት አይቻልም።» እዚህ ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ነጥቦች ዋና ናቸው። ሥራው ይቀልላል፣ ይዘገያል፣ ግን አይቀርም። ሙሉ በሙሉ ከቀረ ልጁ ዴስክ ከመግፋት ወደ መጽሐፍ መገልበጥ ይሸጋገራል፣ ማንበብን ግን አይማርም። ምልክቱም በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን።

የንባቡን እርዳታ የራሱ የክፍል ጓደኛ አይስጠው፤ ውርደቱ ይብሳል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ 15 ደቂቃ፣ በዕረፍት ሰዓት ወይም ከፈረቃው በፊት፣ እርስዎ ወይም የአንደኛ ደረጃ ፊደል ማስተማር የለመደች መምህርት ብትይዘው ይሻላል። ለክፍሉ ደግሞ አንድ ሕግ ያውጡ፦ ሰው ሲያነብ አይሳቅም። ይህን ሕግ በእሱ ስም ሳይሆን ለሁሉም ያውጁት፤ የሳቀውን ልጅም ከእሱ ባላነሰ ጥብቅነት ይያዙ። እስከ ዛሬ የመታው ሲቀጣ የሳቀው ነፃ ይወጣ ነበር፤ ልጁ ይህን በደንብ ይዞታል።

እየተሠራም ቢሆን አንድ ቀን ይፈነዳል፤ ስለዚህ ያን ሰዓት አስቀድመው ይለማመዱት። ከመፈንዳቱ በፊት ምልክት አለ፦ መንጋጋው ይጠብቃል፣ እግሩ መሬት ይደበድባል፣ እስክሪብቶውን ይሰብራል፣ ወይም ከወትሮው ውጭ ዝም ይላል። በዚህ ሰዓት ስሙን በክፍሉ ፊት አይጥሩ። እያስተማሩ ወደ እሱ ወገን ይራመዱ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ አጭር ነገር ይበሉትና ይለፉት። አጠገቡ ቆመው መልስ አይጠብቁ፤ ቆመው ሲጠብቁ እልህ ይጋባል፣ እልህ ከተጋባ ደግሞ በ63 ምስክር ፊት ማንም ቀድሞ አይተውም። ቢያንስ 10 ሰከንድ ይስጡት።

አልፎ ተርፎ ከተነሣብዎት ሁለት እርምጃ ያህል ይራቁ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎንዎን ሰጥተው፣ እጅዎ እየታየ ይቁሙ። እሱ ሲጮኽ እርስዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ጆሮውን፣ ኮሌታውን፣ ክንዱን አይያዙ። በሩን አይዝጉበት። ብዙ ሰው ቡጢ የሚያርፍበት ልጁን ሲይዝና መውጫ ሲዘጋበት ነው። «ና ምታኛ» ሲልዎት መልሱ አጭር ይሁን፦ «አልመታህም። ወይ ተቀመጥ፣ ወይ በር ላይ ቆይተህ ተመለስ፤ እንደመረጥህ።» ከዚያ ወዲያው ፊትዎን ወደ ክፍሉ መልሰው «ጥያቄ ሦስትን በደብተራችሁ ሥሩ» ይበሉ። ተመልካቹን ከወሰዱበት ግማሹ ጉልበቱ ያልቃል። በር ላይ ከወጣ ግቢውን ጥሎ እንዳይሄድ ዩኒት ሊደሩ አስቀድሞ የት እንደሚቀበለው ይነጋገሩ፤ ሲመለስ ያቋረጠው ሥራ ዴስኩ ላይ ይጠብቀው።

ሁለት ልጆች ከተያያዙ መሀላቸው አይግቡ። አስቀድመው ሁለት ተማሪ ይመድቡ፤ አንዱ ወደ ዩኒት ሊደሩ፣ አንዱ ወደ ጎረቤት ክፍል መምህር ይሮጣል። እርስዎ ሁለቱንም በስማቸው እየጠሩ በአጭሩ «ልቀቀው! ወደ ኋላ!» ይበሉ፤ ቅርብ ያሉትን ረድፎች ወደ ውጭ ያስወጡ። ምላጭ፣ ጩቤ ወይም ድንጋይ ከታየ ግን ክፍሉን በሙሉ ያስወጡ፤ ከእጁ ለመንጠቅ አይሞክሩ፤ ርእሰ መምህሩ ፖሊስ ይጥሩ። እዚህ ላይ መምህር ጀግንነት የሚያሳይበት ቦታ የለም።

ከጠቡ በኋላ ከሁሉ በፊት የተጎዳው ልጅ ይታይ። አፍንጫው ከደማ ወደ ፊት ጎንበስ አድርገው፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳ ክፍል 10 ደቂቃ ሳይለቁ ይያዙለት፤ ወደ ኋላ አያጋድሙት። በዚያው ቀን፣ ልጆቹ ከመለቀቃቸው በፊት፣ ለወላጁ ይደውሉ። ይህን ከዘለሉ ታላቅ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጆች በነጋታው በር ላይ ይጠብቃሉ፤ የክፍል ጠብ የቤተሰብ ቂም የሚሆነው በዚህች አንድ ቀን ነው። ቤተሰቦቹ ቀድሞም የተቀያየሙ ከሆኑ በሁለቱም ወገን የሚከበሩ ሽማግሌዎች ገብተው ያነጋግሯቸው፤ ትምህርት ቤቱ ብቻውን አይችለውም።

የመታውን ልጅ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይረጋጋ «ለምን?» ብለው አይጠይቁት። ንዴቱ ሳይወርድ የሚጠየቅ ልጅ እንደገና ይነሣል። ከተረጋጋ በኋላ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ምን ሆነ፣ ማን ተጎዳ፣ ምን ታስተካክላለህ። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ ይሁን፦ የጣለውን ዴስክ ያነሣል፣ የላላውን ከጥበቃው ጋር ሆኖ በሚስማር ይጠግናል፣ የቀደደውን ደብተር ይተካል ወይም ይገለብጣል። ሰልፍ ላይ አውጥተው ይቅርታ አያስጠይቁት። ሺህ ተማሪ ፊት የተባለ ይቅርታ ከልብ አይወጣም፤ ልጁም ያንን ውርደት ለማካካስ በሳምንቱ ሌላ ሰው ይመታል።

እናቱን በተመለከተ፦ የጠሯት በጥፋት ቀን ስለሆነ የመጣችው ተዋርዳ ነው፤ ዱላውም በእርስዎ ፊት የተሰማትን ኀፍረት ለማካካስ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ምንም ባልተፈጠረበት ቀን ይጥሯት፤ ቢሮ ውስጥ፣ ተቀምጣ፣ ልጁ ሳይኖር። ከአንድ መልካም ነገር ይጀምሩ፤ እውነተኛ ይሁን፣ ከመዝገብዎ ያገኙታል። «ልከሰው አልጠራሁዎትም፤ እንዴት እንደምንይዘው ልንመካከር ነው» ይበሏት። ማን ጋር እንደሚተኛ፣ ምን በልቶ እንደሚመጣ፣ መቼ ትምህርት እንዳቋረጠ፣ አባቱ የት እንዳለ ይጠይቁ። «እንደ ልጅዎ ይቅጡልኝ» ካለችዎት «እንደ ልጄ ስለማየው ነው የማልመታው» ብለው ቁርጡን ይንገሯት። በየሳምንቱ ዓርብ አንድ መልእክት እንደሚልኩላት ይስማሙ፤ የሳምንቱ ደኅና ነገር ይቅደም፣ ችግሩ ይከተል። መልእክቱ ክስ ብቻ ከሆነ ዱላ ሆኖ ልጁ ጀርባ ላይ ያርፋል፤ እንዲህ ከሆነ አለመላኩ ይሻላል።

የእርስዎ አቅም የሚያበቃበት ቦታም አለ። ልጁ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ የሚደነብር፣ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር፣ ያየውን ግድያ ወይም ያጣውን ሰው እያሰበ የሚፈዝ ከሆነ ታሪኩን እንዲናገር አይጎትጉቱት፤ ቁስሉን ከፍተው መዝጊያ ያጣሉ። ከወላጁ ጋር ተነጋግረው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይላኩት። ራሱን ስለማጥፋት ከተናገረ፣ ቤንዚን ወይም ማስቲሽ የሚስብ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ በአካሉ ወይም በፆታው ጥቃት እንደሚደርስበት ካወቁም በራስዎ አይያዙት፤ በዚያው ቀን ለርእሰ መምህሩና ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይድረስ። እኔም የተናገርሁት እርስዎ የጻፉትን አንብቤ ነው፤ የ10 ቀኑ መዝገብ ሌላ ነገር ካሳየ መዝገቡን ይከተሉ።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ አይግረፉት፣ አያባርሩት፣ ግን እንደ እስከ ዛሬውም አይቀጥሉ። ከሰኞ ጀምሮ በክፍል ፊት ማስነበቡን ያቁሙ፣ መዝገቡን ይክፈቱ፣ ከክፍል ማስወጣትን እንደ ቅጣት መጠቀም ይተዉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሊብስ እንደሚችል ይወቁ፤ ድሮ የሚሠራለት ነገር አልሠራ ሲለው ጠንከር አድርጎ ይሞክረዋል። ብዙ መምህር ተስፋ ቆርጦ ወደ ልምጩ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ያኔ ወደ ኋላ ካሉ ልጁ የሚማረው ጠንክሮ ቢገፋ እንደሚያሸንፍ ነው። ለውጡን «ጨዋ ሆነ ወይ?» ብለው አይለኩት፤ በሳምንት ስንት ጊዜ ሰው ነካ፣ ስንት ጊዜ መጽሐፉን ገልብጦ ንዴቱን አሳለፈ ብለው ይቁጠሩ።

ለርእሰ መምህሩ ስድስት ሳምንት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በጽሑፍ ያልሁት ከቃል ስምምነት የተሻለ ስለሚያስጠይቅ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚያደርጉትን፣ ዩኒት ሊደሩ የሚያደርገውን፣ ልጁ ንባብ የሚለማመድበትን ሰዓት፣ የሌሎቹ ተማሪዎች ደኅንነት እንዴት እንደሚጠበቅ ያስፍሩ። መባረር በ15 ዓመቱ ማንበብ የማይችልን ልጅ ወደ ጎዳና ነው የሚልከው፤ ትምህርት ቤቱም በር ላይ የሚጠብቅ ሌላ ጠበኛ ያተርፋል። ሆኖም 63ቱ ልጆችም ሳይፈሩ የመማር መብት አላቸው። በስድስቱ ሳምንት ውስጥ በስለት ወይም በድንጋይ ሰው ከጎዳ፣ ወይም ሁሉም ተሞክሮ በስድስተኛው ሳምንትም በየሳምንቱ የሚደማ ልጅ ካለ፣ ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴውና ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ይቅረብ፤ በሌላ ፈረቃ ወይም ጥቂት ተማሪ ባለበት ክፍል እንዲመደብ፣ ካልሆነ ለጊዜው ከትምህርት እንዲታገድ የሚወሰነው ያኔ ነው። ኮሚቴው የመጀመሪያ ጥያቄው «እስካሁን ምን አደረጋችሁ?» የሚል ስለሚሆን ደብተሩን ይዘው ይግቡ።